የተሰደብሁበት ገና፤ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን

ይህችን ማስታወሻ የምጽፋት በቆላ ለሚኖሩ ዘመዶቼ ነው። እነርሱ የደጋውን ብርድ ስለሚፈሩ ደብረ ብርሃንን አይተዋት አያውቁም፤ ወደ ፊትም የሚያይዋት አይመስለኝም። እኔ ግን ሄጄ ተመልሻለሁና ያየሁትን እንዳየሁት፥ የሰማሁትንም፥ ስድቡን ሳይቀር፥ እንደ ሰማሁት አሰፍራለሁ። በቃሌ መታመን ይቻላል። ሃያ ስድስት ዓመት በአንኮበር የግምጃ ቤት ጸሐፊና ቁልፍ ያዥ ሆኜ ሳገለግል አንዲት መርፌ እንኳ ጠፍታብኝ አታውቅም። ኋላ የተገኘችውን አንዲት ኮርቻ እንደ ጠፋች አልቆጥራትም።

የጉዞው ምክንያት ለሰው የተነገረው ሌላ፥ እውነቱ ሌላ ነበር። ለጎረቤት የነገርነው «የልጅ ልጃችን ትርንጎ የደብረ ብርሃንን የገና ጨዋታ ትይ ብለን ነው» የሚለውን ነው። ይህም ሐሰት አልነበረም። ትርንጎ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን በወጉ የተጫወቱትን ገና አይታ አታውቅም፤ አንኮበር ገደል ስለሆነች፥ እዚህ ሩር፥ የገናዋን የእንጨት ኳስ፥ የመታ ሰው ሩሩን ለማግኘት ቆላ መውረድ አለበትና።

እውነተኛው ምክንያት ግን የባለቤቴ የወይዘሮ ብርቅነሽ ወንድም አቶ ደርሰህ ነበር። አቶ ደርሰህ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ልጁን ሲድር ድንኳን ሊዋስ ግምጃ ቤት ድረስ መጣ። እኔም «የንጉሥ ዕቃ ለዘመድ አይወጣም» ብዬ በሰው ፊት ከበር መለስሁት። ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በሠርጉ ዕለት፥ በበጋ፥ ማንም ያልጠበቀው በረዶ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ደርሰህ በረዶውን ያወረድሁት እኔ እንደሆንሁ አድርጎ ያዘው፤ ቃልም አልተለዋወጥንም።

ባለቤቴ ሰባት ዓመት ታገሠች። በዘንድሮው ጾም መጀመሪያ ግን ከፊቴ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«እርስዎም አርጅተዋል፥ እርሱም አርጅቷል። ከሁለት አንዳችሁ ሳትታረቁ ብትሞቱ እኔ ለቅሶ እንዴት እቀመጣለሁ? ለእርስዎ ሳለቅስ እርሱ አይመጣም፤ ለእርሱ ሳለቅስ እርስዎ አይሄዱም። ብቻዬን ላልቅስ?»

 እሄዳለሁ አልኋት። ነገር ግን አስቀድሜ ላልናገረው ለራሴ ምዬ ነበር፤ መሐላዬን ለእርሷ አልገለጽሁላትም። ዓይኔን የማሳርፍበትም እንዳላጣ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በአገልግሌ ያዝሁ። ይህች መጽሐፍ ለጸሎት የምትሆን አይደለችም። በትርፍ ጊዜዬ፥ ለራሴ ደስታ ብዬ፥ ተረት እየሰበሰብሁ የጻፍሁባት ናት። ብራናው የራሴ ነው፤ የግምጃ ቤት አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ባለቤቴና ትርንጎ በአንዷ በቅሎ፥ እኔ በሌላዪቱ፥ አሽከራችን ወልዴ በእግሩ። ወልዴ ዕድሜው ከእኔ ስለሚበልጥ አቀበት በመጣ ቁጥር እርሱ አይቆምም፤ በቅሎዪቱን ያቆምና «ደክሟታል» ይላል። በቅሎዪቱ እስከ ረፋድ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ደከማት። ስንቃችን በሶ፥ ቆሎና ተልባ ነበር፤ ጾም ነውና።

ጎረቤላን አልፈን ወደ ኩንዲ ተረተር ስንወጣ ነፋሱ ጀመረን። የአንኮበር ነፋስ ጭጋግ ይዞ የሚመጣ ጨዋ ነፋስ ነው፤ የኩንዲው ግን ባዶ እጁን መጥቶ ያገኘውን ይዞ የሚሄድ ነው። ከእኔ ያገኘው ጥምጥሜን ነበር። ጥምጥሜ ተፈትቶ በሜዳው ላይ ተንከባሎ በአንድ ሙክት በግ ቀንድ ላይ ተጠመጠመ። በጉም ደንግጦ ወደ መንጋው ገባ። ወልዴ ቆሞ ተመለከተና፦

«ጌታዬ፥ ከእርስዎ ይልቅ ለእርሱ አምሮበታል፤ አለቃ መስሏል» አለ።

ትርንጎ ሳቋን መግታት አቅቷት ከበቅሎ ልትወድቅ ነበር። ጥምጥሙን ይዘው የመጡልን የበጉ ባለቤት ወይዘሮ አስናቀች ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፥ ፊታቸውን ብርድ ያጠቆረው፥ ድምፃቸው ከተራራ ተራራ የሚሰማ ሴት። «በጌ የሰው ልብስ ሰርቆ ከቤቴ እንግዳ ሳያድር አይሄድም፤ ካሣ ነው» ብለው በቅሎዎቻችንን በልጓማቸው ይዘው ወሰዱን።

በአንኮበር የምናነድደው የጥድ እንጨት ነው። በዚህ አገር ዛፍ የለምና የሚነደው ኩበት ነው፤ ጢሱ ዓይን አያቃጥልም፥ ነገር ግን ከሰው ልብስ አይለይም። የገብስ ቂጣ በተልባና የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልን። ከዚያ ፀሐይ ገና ስላልጠለቀች ከደጅ ወጥቼ፥ ከውኃ እንስራዎቹ አጠገብ ከነፋሱ ተከልዬ፥ ለትርንጎ ከመጽሐፌ ማንበብ ጀመርሁ።

ያነበብሁላት የዝንጀሮውን ዳኛ ተረት ነው። ሁለት ጅቦች በአንድ ቆዳ ተጣልተው ዝንጀሮን ዳኛ አደረጉት። ዝንጀሮውም ቆዳውን አንጥፎ ተቀመጠበትና ክርክራቸውን ሰምቶ «ነገሩ ይደር» አለ። በነጋውም «ይደር» አለ። በመጨረሻ ዝናብ ዘነበ። ዝንጀሮው ቆዳውን ተከናንቦ፥ ጅቦቹ በዝናብ ሲበሰብሱ እያየ፥ «ሕግ ሕግ ነው» አላቸው።

ቀና ስል ወይዘሮ አስናቀች የእንስራዎቹን አፍ ከፍተው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰባት ጎረቤቶች ቅልና ማሰሮ ውኃ ይዘው ተሰልፈዋል። በዚያ መንደር መጽሐፍ የሚነበበው ውኃ ጠበል እንዲሆን ብቻ ነው፤ ሰው ለመሳቅ ብሎ ያነባል ብሎ የሚጠረጥር አንድም አልነበረም።

«እመቤቴ፥ ይህ የዝንጀሮ ተረት ነው» አልኋቸው።

«ዝንጀሮስ የማን ፍጥረት ነው?» አሉና ውኃውን ለታመመ በሬያቸው ወሰዱት።

ሁለተኛው ቀን

በነጋው በሬው ተነሥቶ ሣር ይበላ ነበር። ውኃ ጠምቶት ኖሮ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ የሰማኝ የለም። ገና በቅሎ ሳንጭን ደጁ በእንስራ ሞላ። ሐሰተኛ ባሕታዊ መባልን ስለፈራሁ፥ መጽሐፉ ምን እንደሚል ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው አነበብሁ። ዝንጀሮው ለሁለተኛ ጊዜ «ይደር» ሲል አንድ ሽማግሌ ጭኑን መትቶ «የእኛ ጭቃ ሹም ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ እንስራውን ያስታወሰ የለም። ሌላ ተረት ጠየቁ፤ እርሱን አነበብሁ፤ ሌላም አስከተሉ። ፀሐይ ከአናት እስክትደርስ ድረስ አልለቀቁንም። ባለቤቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆና «እርስዎ ከወንድሜ ፊት ላለመቅረብ ከሆነ ኩንዲን ሁሉ ያጠምቃሉ» አለችኝ። ከፊሉ እውነት ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች የራሳቸውን የበግ ጠጉር ባና ለትርንጎ ደረቡላት። አንቀበልም ብንል «ስትመለሱ ታደርሱልኛላችሁ» አሉ፤ ሰውን ዳግመኛ ለማሳደር የሚያውቁት ብልሃት ይህ ነው።

ከተረተሩ ከወረድን በኋላ አገሩ ሜዳ ሆነ። ቆላ ያላችሁ ዘመዶቼ ይህን እንዴት ልግለጽላችሁ! በአንኮበር ሰው ጎረቤቱን የሚያየው ወይ ከላይ ወይ ከታች ነው፤ እዚህ ግን ፊት ለፊት ነው የሚተያየው። ሊሸሹት የፈለጉት ሰው ከግማሽ ቀን መንገድ ላይ ይታያል። እኔም የአቶ ደርሰህን ቤት ከሩቅ አይቼ፥ የበሬሳን ወንዝ እስክንሻገር ድረስ ዓይኔን ከበቅሎዬ ጆሮ አላነሣሁም።

ስንደርስ መሽቶ ነበር። የአቶ ደርሰህ ሚስት ወይዘሮ ጥሩነሽ እየተንደረደሩ ወጥተው ባለቤቴን አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። እግራችንን በሞቀ ውኃ አጠቡን። አቶ ደርሰህ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጦ የገና ዱላ ይልግ ነበር። ተነሥቶ እህቱን ሳመ፥ ትርንጎን ሳመ። እኔን ግን አላየኝም። ከቤቱ መካከል ወደ ቆመው ምሰሶ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«አንተ ምሰሶ፥ እንግዳው በርዶት እንደሆነ ወደ እሳት ይቅረብ በለው።»

ዘመዶቼ ሆይ፥ በዚያን ጊዜ ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር? መሐላዬ አለ፤ ብርዱም አለ። እኔም ወደ ምሰሶው ዞሬ፦

«ምሰሶ ሆይ፥ ባለቤቱ ስላሰበልን እግዜር ይስጥልን በልልን» አልሁ።

«ምሰሶ፥ ራቱ ሽሮ ነው፤ ይጣፍጠዋል ወይ በለው።»

«ምሰሶ ሆይ፥ የወይዘሮ ጥሩነሽ እጅ ያልጣፈጠው የት አለ በልልኝ።»

ትርንጎ አንዴ እርሱን፥ አንዴ እኔን፥ አንዴ ምሰሶውን ስታይ ቆይታ «እማማ፥ ምሰሶው ይሰማል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴም «ከሁለቱ ይሻላል» አለቻት።

ሦስተኛው ቀን፤ ጋድ

ከደጅ በረዶ የመሰለ አመዳይ ሣሩን አንጥቶት ነበር። በአንኮበር ጭጋግ ይዞን ይውላል እንጂ እንዲህ ምድሩ አይሸብትም። የገና ዋዜማ፥ ጋድ፥ ስለሆነ እስከ ማታ ምግብ የለም፤ ሥራም የለም። ትርንጎ ሰለቻትና «አባባ፥ ያንብቡልኝ» አለች። ብዙ ሳላስብ መጽሐፉን ከፈትሁ።

አቶ ደርሰህ ዱላውን እየላገ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ዝንጀሮው ቆዳው ላይ ሲቀመጥ መላጉን አቆመ። «ይደር» ሲል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ጥቂት ቆይቶም፦

«ምሰሶ፥ ጅቦቹ ቆዳውን አገኙ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለ።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ገጹን ገለጥሁ፤ ገልጬም ደነገጥሁ። የሚቀጥለው ዝናቡ ነበር። ዝንጀሮው ቆዳውን ተከናንቦ፥ ጅቦቹ በስብሰው! ይህን ተረት ስጽፍ፥ በኩንዲም ሁለት ጊዜ ሳነብበው፥ አንድ ጊዜ እንኳ ድንኳኑ ትዝ አላለኝም። ቅጠሉን በፍጥነት ገለበጥሁና «ከዚያም ሁሉም በሰላም ኖሩ» አልሁ።

«አባባ ዘለሉ!» አለች ትርንጎ። «ዝናቡ አለ! ዝንጀሮው ቆዳውን ይለብስና "ሕግ ሕግ ነው" ይላቸዋል። በቃሌ አውቀዋለሁ!»

 ወይዘሮ ጥሩነሽ አፋቸውን ያዙ። አቶ ደርሰህ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሣ፤ ለምሰሶውም እንኳ አንዳች ሳይናገር ወጣ። ማታ ቤተ ክርስቲያን ነው ተባልን፤ ሲነጋም አልተመለሰም። ባለቤቴ አልተቆጣችኝም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችን እንመለስ» አለች ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

አራተኛው ቀን፤ ገና

ከቅዳሴ ወጥተን ጾሙን ፈሰክን። የበግ ወጥ ነበር፤ ደብረ ብርሃን በበጓ የምትኮራ አገር ናት፥ ኩራቷም ተገቢ ነው። አቶ ደርሰህ ከተጫዋቾቹ ጋር ሜዳ ላይ ፈሰከ። ባለቤቴ በቅሎ ይጫን ብላ ነበር፤ ትርንጎ ግን «ጨዋታውን ሳላይ?» ብላ አለቀሰች። ስለ እርሷ ብለን ወደ ሜዳው ወጣን።

ተጫዋቹ በሁለት ወገን ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ ወደ ሌላው ወገን ጫፍ ያደርሷታል። ያደረሰው ወገን የሌላውን ጌታ በግጥም ይሰድባል። በሌላ ቀን ሰንሰለት የሚያስገባ ቃል በገና ያስቃል፤ የተሰደበ ጌታም ቢቆጣ ነውሩ የእርሱ ነው። ታች ቤቶች በዚያ ቀን የሚሰደብላቸው ጌታ አላገኙም ነበርና ጥምጥሜንና ካባዬን አይተው፥ ሳልፈቅድ፥ ጉብታ ላይ ወስደው አስቀመጡኝ። የላይ ቤት አውራ አቶ ደርሰህ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

መጽሐፌን አወጣሁ፤ ለማንበብ ሳይሆን ፊቴን ለመሸፈን። ብዙም አልቆየ፤ ላይ ቤቶች ሩሯን አደረሱ። እልልታው ሲበርድ አንድ የጎረነነ ድምፅ ብቻውን ወጣ፦

«የጌቶች ድንኳን ደርቆ አደረልህ፥
የኛይቱ ሙሽራ በስብሳ ገባችልህ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። መጽሐፉን ከፊቴ አወረድሁ። አቶ ደርሰህ በዱላው ተደግፎ ወደ እኔ እያየ ነበር። ወደ ምሰሶ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ምሰሶ የለም። ቀጠለ፦

«ቁልፍ ያዥ፥ ቁልፍ ያዥ፥ ምን ቢጠነቅቅ፥
ሰማይን አይቆልፍ በረዶ እንዳይወድቅ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ማንም እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም።  ግጥሙ ግን፥ እውነት መጻፍ ካለብኝ፥ ያማረ ነበር። ባለቤቴ ከጉብታው ሥር ሆና ነጠላዬን ጎተተችው።

«ምን ይጠብቃሉ? ይመልሱለት እንጂ! ሰባት ዓመት ያልተናገረውን ነው የተናገረ!»

መሐላዬ አስቀድሜ ላለመናገር ነበር። አስቀድሞ የተናገረው እርሱ ነው፤ ስለዚህ መሐላዬ አልፈረሰም። ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ተነሣሁ። ድምፄ ከምፈልገው ይልቅ ቀጠነ፦

«ድንኳኑ የጌታ፥ ኩራቱ ግን የኔ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ የበሰበስሁ እኔ።»

ማንም አልሳቀም። ያስቀመጡኝ ታች ቤቶች «ጌታችን ራሱን ሰደበ እንዴ?» ተባባሉ። አቶ ደርሰህ ሜዳውን አቋርጦ መጣና ከጉብታው ሥር ቆመ።

«ማነው የበሰበሰው?» አለኝ። ለእኔ፥ በገዛ አፉ።

«እኔ» አልሁት።

«እንግዲህ ና ውረድ፥ ልብስህን አድርቅ። እሳቱ ቤት ነው።»

ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትስቅ ወይም ታለቅስ እንደሆነ አልለየሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም መዝግቤአለሁ።

አምስተኛው ቀን

በነጋው ጨዋታው ሲቀጥል አቶ ደርሰህ ዱላ አምጥቶ ሰጠኝ። «ሹመት ሲያልቅ ዱላ ይያዛል። ዛሬ ከእኔ ወገን ነህ» አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዱላ ይዤ ሮጬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሩሯን መታሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በአጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አቶ ደርሰህም ሩሯን ሊመታ የሰነዘረው ዱላ የእኔን ቅልጥም አገኘ። ተንበርክኮ እግሬን አቅፎ «ገደልሁህ! እህቴን ምን ልበላት?» እያለ ጮኸ። እኔም ጥርሴን ነክሼ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልሁት፤ ሰውም ተሸክሞ ከሜዳ አወጣኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ እግሬን በቅቤ አሽተው በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። ከሰባት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ አሞኝም አያውቅም።

መልስ

በስድስተኛው ቀን ተነሥተን በወይዘሮ አስናቀች ዘንድ አደርን፤ ባናቸውን መለስን፥ ሦስት ተረትም አነበብሁ፤ በማግስቱ ከቤታችን ገባን። ስለ መንገዱ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ ሙሉውን እግሬን ሳይ ነበርና።

አንኮበር ስደርስ አነክስ ነበር። ጎረቤቴ «በቅሎ ረገጠህ?» ቢለኝ፥ ልማዴ ያየሁትን እንዳየሁት መናገር ነውና፥ «የለም፥ አማቼ በዱላ መታኝ» አልሁት። ይህን ቃል ሳላስብበት መናገሬን ያወቅሁት በማግስቱ ጠዋት አራት ሽማግሌዎች ካባቸውን ለብሰው ደጄ ሲቆሙ ነው።

«ሰምተናል» አሉ ታላቁ። «ሰባት ዓመት ኩርፊያ ኖሮ ኖሮ ደም ሆነ። እንግዲህ ለዕርቅ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን።»

«አባቶቼ፥ ታርቀናል» አልኋቸው።

«እግርህን እያየነው ታርቀናል ትላለህ?»

«የመታኝ ከታረቅን በኋላ ነው።»

አራቱም ተያዩ። «ይህማ ከፊተኛው ይከፋል» አሉ ታላቁ።

ስለ ሩሯም፥ ስለ ግጥሙም፥ ስለ ምሰሶውም አስረዳኋቸው። ባስረዳኋቸው ቁጥር እያዘኑልኝ ሄዱ። ምሰሶው ላይ ስደርስ አንደኛው «ጭንቅላቱንም መቶታል መሰል» ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ካልቀረቡ ዕርቅ አይጸናም ብለው እኔም አብሬ እንድሄድ ፈረዱ።

ባለቤቴን እንድታስረዳልኝ ብጠራት ከጓዳ ወጣች፤ ስንቅ በሁለት አቅማዳ ቋጥራ ነበር።

«እውነታችሁን ነው» አለች ለሽማግሌዎቹ። «ነገሩ ጥልቅ ነው፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይመስለኝም። ወንድሜ ቤት እስከ ጥምቀት ብንሰነብት ይሻላል።»

ወልዴ በቅሎዎቹን ሊጭን ሄደ። እኔም ካባዬን ለብሼ፥ ደህናውን እግሬን አስቀድሜ፥ ልታረቅ ወጣሁ።